የቤት ሙራበሃ፦ ከስሙ በፊት ቅደም ተከተሉ

በመርካቶ፣ በታላቁ አንዋር መስጂድ ዙሪያ፣ በባንክ ገንዘብ ቤት ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ ኢማሙን ሲጠይቅ «ሙራበሃ ከሆነ ይፈቀዳል» የሚል መልስ ያገኛል። ይህ መልስ ጎደሎ ነው እንላለን።

ቤትን በመያዣነት መስጠት በራሱ ሐራም አይደለም፤ ረህን በቁርኣን የጸደቀ ነው። የሚያበላሸው በብድሩ ላይ የሚጨመረው ሪባ ነው። ሙራበሃ ሽያጭ የሚሆነው ባንኩ ቤቱን የራሱ አድርጎ ኃላፊነቱን ከተሸከመ በኋላ ሲሸጠው ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንኑ አጽንቷል። ደንበኛው ራሱ ከሻጩ ጋር ተዋውሎ ባንኩ ዋጋውን ብቻ ከከፈለለት፣ ስሙ ቢለወጥም ነገሩ ብድር ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል እንዲተላለፍ በመዝገብ መግባት አለበት። ታዲያ ባንኩ በስሙ ሳያስመዘግብ የሸጠው ቤት የማን ነበር? በፊቅህ ባለቤትነት በኢጃብና በቀቡል ይተላለፋል የሚለውን መልስ እንቀበላለን፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ውል በጽሑፍ መኖሩ፣ በመካከሉም ቤቱ ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ስለዚህ ኢማሞች «ይፈቀዳል» ከማለታቸው በፊት ሁለቱን ውሎች ከነቀናቸው እንዲያዩ እናሳስባለን። ወላሁ አዕለም።