«ድፍረት»፦ ጠበቃዋ በስሟ፣ ልጅቷ በውሰት ስም

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ወንበሩን ይዞ «ድፍረት» እስኪጀመር ሲጠብቅ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ተመልካች ፊት ቆሞ ፊልሙ እንደማይታይ ተናገረ። ያ ፊልም በዚያው ዓመት ሰንዳንስ ላይ፣ ቀጥሎም በርሊን ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል፤ አንጀሊና ጆሊም በኤግዘኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጥታዋለች። ማን አሳገደው? የሳንሱር ቢሮ ነው? የጠላፊው ዘመዶች ናቸው? አይደሉም። ፍርድ ቤት የሄደችው አበራሽ በቀለ ናት፤ ፊልሙ ታሪኳን የሚነግርላት ሴት። ሕይወቴን ሳልፈቅድ ፊልም አደረጉት አለች።

ይህ ነገር በጊዜው እንደ መዝናኛ ወሬ ተወርቶ አለፈ። እግዱም ኋላ ተነሣ፣ ፊልሙም ታየ። እኔ ግን ፊልሙን በቅርቡ ደግሜ ሳየው ችግሩ ከፍርድ ቤት መዝገቡ ይልቅ እስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ይጠልፏታል። ትደፈራለች። ስታመልጥ ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፣ በነፍስ ግድያም ትከሰሳለች። ከአዲስ አበባ የምትመጣ ጠበቃ፣ መዓዛ አሸናፊ፣ ራሷን ለመከላከል ነው ያደረገችው ብላ ትቆምላታለች። እውነተኛው ታሪክ የተፈጸመው አርሲ ውስጥ ነው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ። እውነተኛዋ መዓዛ አሸናፊም የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ናት፤ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆናለች።

እንግዲህ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ነው። በእውነትም መዓዛ አሸናፊ ናት። ልጅቷ ግን አበራሽ መሆኗ ቀርቶ ሂሩት ሆናለች።

«ለደኅንነቷ ታስቦ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን እንበል። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ ከዳታቤዝ ውስጥ ስም አጥፍቶ «የማን መረጃ እንደሆነ አይታወቅም» ማለት እንደማይቻል ትናንት ሥራ የጀመረ ልጅም ያውቀዋል። ዕድሜዋ፣ ዘመኑ፣ የጠበቃዋ ስም፣ ላዩ ላይ አንድ ያልተለመደ ክስተት ከተረፈ ሰውዬዋ ትገኛለች። ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ስንት አለች? ቢቢሲ ሳይቀር በ1999 እ.ኤ.አ. ዶክመንተሪ ሠርቶባታል። ስለዚህ ስሙ መቀየሩ አልደበቃትም። አላከበራትምም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያደረገው፦ ፈቃድ መጠየቅ የማያስፈልጋት ገጸ ባሕርይ አደረጋት።

የርዕሱን ቃል ደግሞ እዩት። «ድፍረት» በአማርኛ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ደፋር የሚባለውና የደፈረው ሰው ከአንድ ሥር ነው የሚወጡት። ከዚህ የተሻለ ርዕስ ለዚህ ታሪክ አይገኝም። ግን ፊልሙ ሁለቱን ትርጉሞች ለሁለት ሴቶች ያከፋፍላቸዋል፦ መደፈሩ ለሂሩት፣ መድፈሩ ለመዓዛ። ጥይቱን የተኮሰችው ሂሩት ሆና ሳለ! ከተኩሱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የምናያት አንገቷን ደፍታ፣ ሌሎች ስለሷ ሲከራከሩ ስታዳምጥ ነው። ትዝታ ሐገሬ የምትችለውን ሁሉ በዓይኗ ትሠራለች፤ ስክሪፕቱ ግን የሚናገር አፍ አልሰጣትም። ሜሮን ጌትነት በበኩሏ ፖሊስ ጣቢያውንም፣ ቢሮውንም፣ ችሎቱንም ትሞላለች። ጎበዝ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። ፊልሙ የሷ የሆነው ግን በትወናዋ ብቻ አይደለም፤ ሲጻፍም ለሷ ነው የተጻፈው።

አድናቆቴን አልደብቅም። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት ትዕይንት ከአማርኛ ፊልሞች ሁሉ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ማንም ጭራቅ ሆኖ አልተሣለም። ጨዋ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ጠለፋ በጥቂት ወሮበሎች ሳይሆን በመልካም ሥነ ሥርዓት የቆመ ነገር እንደነበር ይገባችኋል። ሕጉም ቢሆን ያው ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክሱ ይድን ነበር። ይህ የተለወጠው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፤ አሁን ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ጋብቻውም ጠላፊውን አያድነውም። ከዚያ በፊት በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል የሴት የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ብሏል። ለእነዚህ ለውጦች እነመዓዛ የደከሙትን ድካም ማንም አይክድም።

ነገሩ ግን የቆየ ልማድ አለው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ ኋላ የታወቀው በጀግናዋ ስም ነው፦ «ጦቢያ»። ጦቢያ ደግሞ ያገር ስም ነው። ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ትዞራለች፣ መጨረሻ ላይ ንጉሥ ያገባታል። ገና ከጅምሩ ሴቷ ራሷን ብቻ እንድትሆን አልተተወችም፤ የሌላ ነገር ምልክት ናት። «ድፍረት» ውስጥ ያለችው ሂሩትም «የኢትዮጵያ ልጃገረድ» ናት። ምልክት ደግሞ ፈርሚ አይባልም፣ ከሽያጩም አይደርሰውም።

የምኖረው ካራ ነው። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ ጫካ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ተቆልምሞ የሚወርዱ እናቶችን እናያለን። መኪናውን ዳር አስይዞ ፎቶ የሚያነሣም አይጠፋም። ማርች 8 ሲደርስ ፎቶው «የብርታት ተምሳሌት» ተብሎ ሼር ይደረጋል። የአንሺው ስም ጥግ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የተነሺዋን ስም አንድም ቀን አላየሁም። ክፋት ነው አልልም፤ ብዙዎቹ ከልባቸው አዝነው ነው የሚለጥፉት፣ «ድፍረት»ንም የሠሩት ሰዎች ከልባቸው ነው የሠሩት። ለዚህ ነው የሚከብደው። ክፉ ሰው ሲሠራው ተችቶ መገላገል ይቻል ነበር።

«እና ደራሲ ለእያንዳንዱ ሰው ፊርማ ያሰባስብ?» ትሉኝ ይሆናል። በልብ ወለድ ከሆነ አያሰባስብ፤ ሰብለ ወንጌል ፍርድ ቤት አትሄድም። ፊልም «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብሎ ሲጀምር ግን ክብደቱን ከእውነቱ ነው የሚበደረው። አበዳሪዋ በሕይወት አለች። የዚህ ታሪክ ሙሉ ፍሬ ነገር ደግሞ አንዲት ልጅ ሳትጠየቅ መወሰዷ ነው። ፍርድ ቤቱ «ነፃ ነሽ» ብሎ ካሰናበታት ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ያለጠያቂ የወሰዷትን ታሪክ ለማስቆም ተመልሳ ችሎት መግባቷን ከሁሉም ሽልማት በላይ እንደ «ድፍረት» ነው የማየው። በየትኛውም ትርጉሙ።

ፊልሙን እዩት፤ ያላየም ያየም። እኔ የምመኘው ሌላው ፊልም የሚጀምረው ግን ይኼኛው በሚያልቅበት፣ ከፍርዱ ማግስት ነው። ነፃ ተብላለች፣ ቀዬዋ ግን መመለስ አትችልም። ዕድሜዋ ገና ልጅ ነው። የት አደረች? ደብተርና እርሳስ ማን ገዛላት? አዲሱ ክፍል ውስጥ አስተማሪው ስም ሲጠራ ምን ብላ አቤት አለች?