የሼፊልዷ አጭር ጽሑፍ ከአርባ ምንጭ ስትነበብ

አንቶኒ ባርከር፣ ሬዛ ጃሊነስና ኢያን ፍሪስተን ከእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 «ላንሴት» መጽሔት ላይ ያወጧት ጽሑፍ ሁለት ገጽ ብትሆን ነው። አንጎልን በማግኔት ማነቃቃት ለሚባለው ሕክምና መነሻዋ ግን እሷ ናት።

የመዳብ ጥምጥም ራስ ላይ ይደገናል። ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲያልፍበት የሚፈጠረው የማግኔት ኃይል የራስ ቅሉን ዘልቆ አንጎል ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ እጅ ባለቤቱ ሳያዘው ድንገት ይንቀሳቀሳል። የዶርዜ ሸማኔ ማጉን በቀሰም ላይ ዙር በዙር ሲጠመጥም ያየ ሰው የመሣሪያው ቅርጽ አይጠፋውም። ተመራማሪዎቹ ሜርተንና ሞርተን በ1980 አንጎልን እንዲህ ማነቃቃቱን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሞክረውት ነበር፤ ግን ያማል። የባርከር ቡድን ሕመሙን አስቀረ።

ከጽሑፏ የምወደው ቁጥብነቷን ነው። ያየችውን ታሳያለች እንጂ ድባቴን እፈውሳለሁ አትልም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሣሪያውን መድኃኒት ላልረዳቸው የድባቴ ሕሙማን የፈቀደው ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው። ዛሬ ማሽኑን የበሽታ ሁሉ መድኃኒት አድርገው የሚያወሩ ሰዎች መጀመሪያ እሷን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ጽሑፏ የምታወራው ስለ አንዲት ቅጽበት ነው፤ ሕክምናው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ማሽኑ ነገ አርባ ምንጭ ቢተከል፣ ከጨንቻ ደጋ የሚወርደው ሸማኔ ያን ያህል ጊዜ ማን ቤት ያድራል? መወርወሪያው ሲቆም ልጆቹ ምን ይበላሉ? ይህን ከሁለት ገጽ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እሷን ተከትለው ከጻፉት ግን እጠብቃለሁ።

የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ማሽኑ አልፎ አልፎ መንዘፍዘፍ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ሐኪሙ አስቀድሞ «የሚጥል በሽታ አለብህ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይለዋል። በእኛ አገር ደግሞ ይህ በሽታ ስንት ቤት ይደበቃል! ልጇ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለባት እናት እንኳ ጠባሳውን በነጠላዋ ሸፍና «ኧረ የለበትም» ትላለች፤ ሰው ማዕድ እንዳይለይበት፣ ነገ ሚስት እንዳያጣ ፈርታ። ሐኪሙም መልሷን አምኖ ጥምጥሙን ያነሳል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ለዚያች እናት ልጅ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኖባርቢታል በቅርቧ ባለ ጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ ይገኝለት፤ ልጇ መውደቁን ሲያቆም ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር አትፈራም።