ጥያቄ በፈለጋችሁት ቋንቋ

ኦንላይን ሳስተምር ከኔትወርክ መቆራረጥ ይልቅ የሚያስቸግረኝ የተማሪዎቼ ዝምታ ነው። የማስተምርበት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን ተማሪ የሚመደብለት ከመላ አገሪቱ ነው። በአንድ ክፍል በጋሞኛ፣ በወላይትኛ፣ በሲዳምኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ትምህርቱ ግን ለሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ ሳለን ያልገባቸውን ዓይናቸው ይነግረኛል። ግራ የገባው ልጅም ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ በሚግባቡበት ቋንቋ ይጠይቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ መጀመሪያ ያጣነው ይህን ሹክሹክታ ነው።

የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ የተማሪን መስተጋብር በሦስት ከፍሎታል፦ ከትምህርቱ ይዘት ጋር፣ ከመምህሩ ጋር፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር። እንግሊዝኛ የሚከብደው ተማሪ የመጀመሪያውን እንደምንም ይወጣዋል፤ ቪዲዮውን እየደጋገመ ያያል፣ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። ሁለተኛው ላይ ግን አንደበቱ ይታሰራል። በቃል የተሳሳቱት ይረሳል፤ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጻፉት ስሕተት ግን ስክሪንሾት ተነሥቶ መሣቂያ ሊያደርግ ይችላል። ታዲያ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ስለዚህ በሦስተኛው፣ በተማሪዎች መካከል በሚደረገው መስተጋብር ለመጠቀም ክፍሉን አራት አራት አድርጌ እከፍለዋለሁ። ጥያቄና ክርክር በፈለጉት ቋንቋ፣ በድምፅ መልእክትም ቢሆን ይፈቀዳል፤ ለእኔ የሚቀርበው መልስ ብቻ በእንግሊዝኛ ይሆናል። መነሻውንም ከሚያውቁት አገር እወስዳለሁ። «የአባያ ሐይቅ ውኃ ለምን ቀላ? ጫሞስ ለምን እንደሱ አልቀላም?» የጨንቻው ልጅ ዝናብ ከዳገቱ ስለሚያጥበው ቀይ አፈር ያወራል፤ የምዕራብ አባያው የሙዝ ገበሬ ልጅ ወንዙ ክረምት ላይ እንዴት እንደሚደፈርስ ይጨምራል። ስለ ደለል የሚያወራው የመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ሲከፈት፣ ሐሳቡ ቀድሞ ስለገባቸው እንግሊዝኛው አያስደነግጣቸውም።

ዘዴው እንከን የለውም አልልም። ሦስቱ ጋሞኛ ሲያወሩ አራተኛዋ የሶማሌ ልጅ ብትሆን ከጨዋታው ውጪ ትቀራለች። ቡድኖቹን ስቀላቅል ደግሞ ወሬው ወደ አማርኛ ያዘነብላል፤ እሱም ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ከዚህ የተሻለ መላ እስካሁን አላገኘሁም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ውይይቱም በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን ይላሉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑ እውነት ነው፤ እኔም መልሱን በእንግሊዝኛ የምጠይቀው ለዚሁ ነው። ያልጠየቀና ያልተከራከረ ተማሪ ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢፈተን የሚጽፈው የለውም።

ለዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ኮርስ የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ ከቪዲዮው ጊዜ ጥቂት ቀንሳችሁ ለትንንሽ ቡድኖች ውይይት ስጡት፤ በምን ቋንቋ እንደሚወያዩም ለተማሪዎቹ ተዉላቸው።