«ደህና» የምትባል ቃል

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ የምወዳት ምሳሌ ነበረችኝ። «ደህና አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ሰሌዳው ላይ እጽፍና «እዚህ ውስጥ ምን ወሬ አለ?» እላለሁ። «ምንም!» ይሉኛል ተማሪዎቼ። ከአጠቃቀም ብዛት መልኩ እንደጠፋ ሳንቲም ነው ብዬ አልፋለሁ። እነዚያን ተማሪዎች ይቅርታ ልጠይቅ ይገባኛል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ፣ ባለቤቴ አቦሉን ስታቀብለኝ ሲኒው ከእጇ አመለጠ። «ምነው?» ስላት ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ተኮላትፎ ወጣ። የከንፈሯ ቀኝ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን «ምች ነው፤ ቶሎ ዳማከሴ ይጨመቅላት» አሉ። የተማርኩት ሰውዬም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ዳማከሴ ልቀጥፍ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ታክሲ ያስመጣችው ልጃችን ናት።

ሆስፒታል ስንደርስ እጇም ንግግሯም ተመልሷል። «ዳነች እኮ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» አልኩ። ወጣቱ ሐኪም ግፊቷን ለካ፤ 190 በ110። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ታግዶ መለቀቁን፣ ይህም የስትሮክ ማስጠንቀቂያ መሆኑን፣ ከሁሉ የሚያሰጉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሆኑ አስረዳኝና አስተኛት።

አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ያሰብኩት፣ ክፉ ልማድ ሆኖብኝ፣ መጻሕፍትን ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል በዛብህን የምታገኘው ሊሞት ሲል ነው። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ካነበብኳቸው ልቦለዶቻችን በብዙዎቹ የታመመ ሰው የሚታመመው እኛን ሊያስለቅስ ነው። ድኖ ቤቱ የገባ፣ ምስር የሚለቅም፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚነጫነጭ ሰው ለታሪክ አይመችም መሰለኝ። እኔም ይህን ጉድለት ሳላየው ስንት ዓመት አስተማርኩ!

በ4ኛው ቀን «ውጡ» ተባልን። ባለቤቴ በዚያች በቀኝ እጇ ነጠላዋን ስታጣፋ አየሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ «እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ። ለካ ከጎናችን ተኝተው የነበሩት እናት ሌሊቱን አርፈዋል። ልጃቸው ባዶው አልጋ ላይ ብርድ ልብሳቸውን እያጠፈ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «እንኳን እግዜር ማረልዎት» አለኝ። አፌን ያዝኩ።

ቤት ከገባን በኋላ ጠያቂው ጎረፈ። ብርቱካን ይዞ የመጣ ሁሉ «ተመስገን በሉ እንጂ! የእገሊት ባል እኮ እንደተኛ ቀረ» ይለናል። ለማጽናናት ነው፤ አውቃለሁ። ግን የኛ ምስጋና ለምን የሌላ ሰው አልጋ ይፈልጋል? የዚያች እጅ መንቀሳቀስ ብቻዋን አትበቃም? ባለቤቷ የተኛባት ሴትስ በየሰዉ ቤት የምስጋና መለኪያ መሆኗን ብትሰማ ምን ትላለች? እኔም ቀደም ሲል ስንት ለቅሶ ቤት ሄጄ፣ ስመለስ በልቤ እንዲሁ ብያለሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት የግፊት መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ወጡም ጨው ቀንሷል (አይጥምም፣ እውነቱን ለመናገር)። ያኔ ከአቦል በኋላ ጋዜጣዬን ይዤ እነሣ ነበር። ባለፈው እሑድ ቶናውን ጠጥቼ በረካውን ስጠብቅ ጊዜ፣ ጀበናውን እንደያዘች በጥርጣሬ አየችኝ።

«ምነው፣ ዛሬ የምትጽፈው የለህም?» አለችኝ።