በገዛ አንደበት የተነበበ ሕይወት

ሰው በእውነት ያለፈበትን ኑሮ የሚያስረዳ መጽሐፍ ሲነበብለት የሚሰማ ሁሉ ሁለት ነገር ባንድነት ይቀበላል። አንደኛው ታሪኩ ነው፤ ሁለተኛው ታሪኩን የሚያሰማው ድምፅ ነው። ድምፁ ከታሪኩ በላይ ያማረ እንደ ሆነ፥ ሰሚው የሚያለቅሰው ለተነገረው ነገር ይሁን ወይም ለተናጋሪው ጕሮሮ ለይቶ አያውቀውም። በዛሬ ዘመን የድምፅ መጽሐፍ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ በመንገድም፥ በማድ ቤትም፥ በመኪናም ይደመጣል፤ ይልቁንም ስማቸው የታወቀ ሰዎች የሕይወታቸውን ታሪክ ራሳቸው እያነበቡ ያስቀርጻሉ። ስለዚህ ይህን ዐይነት ንባብ እንደ ጽሑፍ ሥራ ቈጥሮ መመርመር የተገባ ሆኗል።

ነገሩ ከሥሩ አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር የዕለቱን ቅዱሳን ዜና የሚያሰማው በንባብ ነው፤ ገድልም በበዓሉ ቀን ይነበባል፤ ሕዝቡም መጽሐፉን በእጁ ሳይዝ በጆሮው ተቀብሎ ይሄዳል። ዓይናቸው የጠፋባቸው ሊቃውንት ዳዊቱን፥ ዜማውንና ቅኔውን አጥንተው ወንበር የዘረጉት በዚሁ በጆሮ ትምህርት ነው። በእንግሊዝ አገርም በ1935 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው) መጻሕፍት በሸክላ እየተቀረጹ መሰጠት የተጀመረው፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮችና ለሌሎችም ዕውራን ነበር። ዓይን ላለው ሰው ማዳመጫ የሆነው ኋላ ነው።

ነገር ግን በገድልና በዛሬው የድምፅ መጽሐፍ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ገድልን የሚጽፈው ደቀ መዝሙር ወይም ከእርሱ በኋላ የተነሣ ሰው ነው፤ የሚያነበው ደግሞ ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ግን ዝም ብሏል። ስለ ራሱ ቢናገር ውዳሴ ከንቱ ይሆንበታል ተብሎ ይፈራልና። በዛሬው ሥራ ባለ ታሪኩ ደራሲም አንባቢም ሆኖ፥ እንዲህ ሆንሁ፥ እንዲህ አደረግሁ እያለ በሰው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ይህ የድፍረት ሥራ ነው፤ ከብዙዎቹም ዘንድ የሚሰማው ራስን ማመስገን ብቻ ነው።

ከዚህ ነቀፌታ ካመለጡት አንዱ የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ትሬቨር ኖዋ ነው። ይህ ሰው በቀልድ ተናጋሪነቱ የታወቀ ሲሆን፥ በ2016 «ቦርን ኤ ክራይም» የሚባል መጽሐፍ አሳተመ፤ ወንጀል ሆኖ መወለድ እንደ ማለት ነው። መጽሐፉንም ራሱ አንብቦ አስቀረጸው፤ ሲደመጥ ዘጠኝ ሰዓት ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል። ስያሜው ጨዋታ አይደለም። ኖዋ በ1984 በዮሐንስበርግ የተወለደው ከጥቍር እናትና ከስዊስ አገር ነጭ አባት ነው፤ በ1927 የወጣው ሕግ ደግሞ ነጭና ጥቍር በሥጋ እንዳይገናኙ የሚከለክል ነበር፤ ክልከላውም የተሻረው እርሱ ከተወለደ በኋላ በ1985 ነው። ስለዚህ የልጁ መልክ ራሱ በወላጆቹ ላይ ማስረጃ ነበር። እናቱ በመንገድ ስትሄድ እናትነትዋን እስከ መሰወር ትደርስ ነበር።

የዚህን መጽሐፍ ኀይል በወረቀት ያነበበ ሰው ግማሹን ብቻ አግኝቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም መጽሐፉ ከሁሉ ይልቅ ስለ ቋንቋ የተጻፈ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሰው በቀለሙ ተለይቶ በነገዱም ተለይቶ በሚኖርበት ጊዜ፥ ልጁ እንግሊዝኛን፥ ኮሳን፥ ዙሉን፥ አፍሪካንስንና ሌላውንም እየተናገረ ከሁሉ ጋራ ይገባ ነበር። አንድ ቀን የዙሉ ልጆች ከኋላው እየተከተሉ ሊዘርፉት ሲመካከሩ ሰማ፤ ዘወር ብሎ በራሳቸው ቋንቋ፥ አብረን ሌላ ሰው እንዝረፍ እንጂ የሚል ነገር ቢላቸው፥ ከእኛ ወገን ነህ ብለው ይቅርታ ጠይቀውት ሄዱ። በወረቀት ላይ ይህ የተነገረ ነገር ነው፤ አንባቢው፥ በዙሉ ተናገረ ተብሎ ተጽፎ ያያል። በድምፁ ግን የተደረገ ነገር ይሆናል፤ ዙሉው ይሰማል፥ የኮሳ ቋንቋ በምላስ የሚያጮኸው ፊደልም ይሰማል፥ የእናቲቱ አነጋገር ከነጮች መምህራን አነጋገር ይለያል። አንድ ምላስ ያን ሁሉ ሰው ሲሆን የሰማ፥ የልጁን ማምለጥ በአእምሮው ብቻ ሳይሆን በጆሮው ያምነዋል።

በንባብ ቤት ልጅ ተነሹን፥ ወዳቂውን፥ ሰያፉንና ተጣዩን ለይቶ ካላነበበ መምህሩ ይመልሰዋል፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ አጣጣሉ ሲለወጥ ምሥጢሩ ይለወጣልና። በኖዋ ንባብ ይህ ሥርዐት በሌላ ቋንቋ ተጠብቆ ይገኛል። የሚያስቀውን ነገር ሳይስቅ ይጥለዋል፤ የሚያሳዝነውንም ሳያለቅስ ያነሣዋል። በመድረክ የለመደው ፍጥነት በአንዳንድ ስፍራ ትረካውን እንደ ትርኢት አድርጎበታል፤ ሳቅ የሚጠብቅ የሚመስልበት ጊዜም አለ፤ ይህ ጕድለቱ ነው። ከዚህ የከፋው ግን የሰሚው ጕድለት ነው። በስልኩ ላይ ንባቡን እጥፍ የሚያፈጥን መሣሪያ ስለ ተበጀለት፥ ብዙ ሰው የሌላውን ሕይወት እያስሮጠ ይሰማል፤ አንባቢው ያስቀመጠው ዝምታ በዚያ ጊዜ ይጠፋል። ተነሽና ወዳቂው ተደባልቆ የተነበበ ዳዊት ማን ይሰማዋል?

ውዳሴ ከንቱውን እንዴት አመለጠው? መጽሐፉ በስሙ ይጠራ እንጂ ገድሉ የእናቱ ስለ ሆነ ነው። የልጁ ጥፋት፥ የልጁ ሌብነት፥ የልጁ መታሰር ሰም ነው፤ ወርቁ እናቲቱ ናት። በእሑድ ቀን ከሦስት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፥ መኪና ሲበላሽባትም በእግር የምትጓዝ፥ ልጅዋን ከገደል አፋፍ ላይ የምትመልስ ሴት ናት። ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳለ የሚኒባስ ነጂ እየዛተባት ሲወስዳት፥ ከሚሮጠው መኪና ልጅዋን ገፍትራ ጥላ፥ ሕፃኑን አቅፋ ዘለለች። መጽሐፉ በዚህ ይከፍታል፤ በ2009 የልጁ እንጀራ አባት እርስዋን በጥይት መምታቱን በማስረዳትም ይደመድማል። ጥይቱ በራስዋ ገብቶ አንጐልዋን ሳይነካ በአፍንጫዋ በኩል ወጣ፤ እርስዋም ዳነች። በሕመም አልጋ ላይ ሆና ልጅዋን የምታጽናናው በቀልድ ነው፤ ከእንግዲህ ከቤተ ሰቡ መልከ መልካሙ አንተ ነህ የሚል ነገር ትነግረዋለች። በወረቀት ላይ ዓይን ቸኩሎ ወደዚያ ቀልድ ይዘልላል፤ ጆሮ ግን የሚዘልልበት እግር የለውም፤ የደሙን ገጽ ሁሉ ቈጥሮ ነው የሚደርስ።

የዚህ ዐይነቱን መጽሐፍ ነጋዴዎቹ «አነቃቂ ታሪክ» ብለው ይሸጡታል። ቃሉ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ሰሚውን አስቀድሞ ድል አድራጊነትን ብቻ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ለመነቃቃት ብቻ የሰማ ሰው የእናቲቱን መዳን ይዞ ይሄዳል። ትቶት የሚሄደው ግን ይህ ነው፦ ከዚያ በፊት ተደብድባ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በሄደች ጊዜ ፖሊሶቹ ክሱን ሊጽፉላት አልወደዱም፤ ከባልዋ ጋራ እንደ ወንድማማች ተጫወቱ። ክስ ስላልተጻፈም፥ በመጨረሻ ለፍርድ በቀረበ ጊዜ የቀድሞ ጥፋት የሌለበት ሰው ሆኖ ተገኘ፤ የእስራት ቅጣትም አላገኘም። ኖዋ ይህን በዚያው በረጋ ድምፅ ያነበዋል። ምስክርነቱ በዚህ ላይ ነው፤ የእናቱን ትዕግሥት ያመሰግናል፥ ያንን ትዕግሥት ያስፈለገውንም ይከስሳል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሰማ መጽሐፉን አልሰማም።

በዚያው አገር ከዚህ የበለጠ የታወቀ ሌላ የሕይወት ታሪክ አለ፤ እርሱም በ1994 የወጣው የኔልሰን ማንዴላ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በሮበን ደሴት እስር ቤት በስውር ተጻፈ፤ ኋላም ማንዴላ በቃላቸው እየነገሩ ለሪቻርድ ስቴንግል ብዙ ሰዓት በድምፅ መቅረጫ አስቀረጹ። እንግዲህ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በከፊል ድምፅ ነበር። ወደ ድምፅ ሲመለስ ግን በሌላ ሰው አንደበት ተመለሰ፤ አጥሮ የተዘጋጀውን ያነበበው በ1987 በፊልም ማንዴላን መስሎ የተጫወተው አሜሪካዊው ዳኒ ግሎቨር ነው። ንባቡ ክብር ያለው ነው፤ ስለ ግሎቨር የሚነቀፍ ነገር የለም። ጕዳቱ ከማሳጠሩ ነው። ስድስት መቶ ገጽ ያለፈው መጽሐፍ በጥቂት ሰዓት ሲያልቅ፥ የተቈረጠበት ስፍራ በጆሮ አይታወቅም፤ ድምፁ ስፌቱን ሸፍኖታልና።

ለምሳሌ ማንዴላ በ1962 ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፥ አውሮፕላኑን የሚነዳው ጥቍር ሰው መሆኑን ባዩ ጊዜ እንደ ደነገጡ፥ ወዲያውም የአፓርታይድ አሳብ በራሳቸው ልብ ውስጥ መግባቱን እንደ ተረዱ በመጽሐፋቸው ጽፈዋል። ኢትዮጵያዊ ሰሚ በዚህ ፈገግ ይላል። ሰው ራሱን የሚከስስበት እንዲህ ያለው ቃል ግን ከማናቸውም ሌላ ቃል ይልቅ የባለቤቱን ድምፅ ይፈልጋል። የሌላውን ድል ተዋናይ ሊያነብለት ይችላል፤ ኑዛዜውን ግን ተዋናይ ሲያነብለት ትንሽ ነገር ይጐድላል።

የአማርኛ ሰሚ ጆሮ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበበት ድምፅ፥ መጽሐፉን ገልጠው ለማያውቁ ሰዎች እንኳ መጽሐፉ ሆኖላቸዋል። ያ ግን ልብ ወለድ ነው። የዚያው ደራሲ «ትዝታ» የጣልያንን ጦርነትና የራሱን ምርኮ የሚያስረዳ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክም እንደዚሁ ነው። የድምፅ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከልብ ወለዱ ባነሰ ትጋት ሊይዟቸው አይገባም፤ ባለቤቶቹ ስላለፉም አንባቢው ተዋናይ መሆኑ የማይቀር ስለ ሆነ፥ ቢያንስ ሳይቈረጡ ይነበቡ።

ወደ ኖዋ ስንመለስ፥ ከምስጋናው ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ንባብ ውስጥ የእናቲቱ የራስዋ ድምፅ አይሰማም። ስትቈጣም፥ ስትጸልይም፥ በአልጋዋ ላይ ስትቀልድም የሚሰማው ልጅዋ እርስዋን ሲመስል ነው።