«ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልምና የጉልበት ሁለት ፍቺ

በአማርኛ ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ሲሆን፥ ሁለተኛው ኃይል ነው። በሌስሊ ውድሄድ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልም፥ ትርጓሜውም ጽናት ነው፥ ሁለተኛውን ፍቺ አጥብቆ ይዞ የመጀመሪያውን ዘንግቷል።

ፊልሙ የአርሲውን ተወላጅ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ታሪክ ያሳያል። ጎልማሳውን ኃይሌን ራሱ ኃይሌ ይጫወተዋል። በአሰላ አካባቢ ደጋ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ የነበረው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የ10000 ሜትር አሸናፊ ይሆናል። የአገሩ ገጽ አምሮ በመታየቱ ፊልሙ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ተመልካቹ «ፈቃድ ካለ እግር ይታዘዛል» ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል።

የጉልበት አሠራር ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ መከፈትና መዘጋት ብቻ አያውቅም። እግር ከመሬት ተነሥቶ ሲዘረጋ፥ በመጨረሻ ላይ ቅልጥም ጥቂት ወደ ውጭ ዞሮ ይቆለፋል፤ ሊታጠፍ ሲጀምርም ከጉልበት ጀርባ ያለች ትንሽ ጡንቻ ቁልፉን ትፈታለች። ሰው ዳሌውን አጥፎ ጉልበቱን በገዛ ጡንቻው ሲያጥፍ 140 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ ዳሌው ቀጥ ሲል 120 ያህል ነው፤ በሌላ እጅ ቢገፋ ግን 160 ያህል ይታጠፋል። እንግዲህ የፈቃድ ወሰን ከመገጣጠሚያው ወሰን ያነሰ ነው ማለት ነው።

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፥ ስለ ሳሳው አየሯ ብዙ ይነገራል። ይሁን እንጂ ዳገት ሳንባን ሲፈትን ቁልቁለት ጉልበትን ይፈትናል። ቁልቁል ሲሮጥ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ይገታል፤ የጉልበት ሎሚም በጭን አጥንት ላይ አብዝቶ ይጫናል። ፊልሙ ይህን አያስረዳም።

የቀረውን ዘመን ራሱ ጨመረበት። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ። በ2010 በኒውዮርክ ግን ጉልበቱን አሞት ውድድሩን አቋረጠ፤ ወዲያው ከሩጫ መሰናበቱን ተናግሮ፥ ቆይቶ ሐሳቡን ለወጠ። ፈቃዱ ያው ነበር፤ ያልታዘዘው መገጣጠሚያው ነው።

ይህን የምንለው የፊልሙን ክብር ለመቀነስ ሳይሆን፥ ዛሬ በአሰላና በበቆጂ የሚሮጡ ልጆች የጉልበት ሕመም የጽናት ጉድለት መስሏቸው እንዳይደብቁት ነው።