72 ጊዜ ያነሰው ስፒትፋየር

የእንግሊዙ የሞዴል አምራች ኤርፊክስ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የአውሮፕላን ሞዴል ለገበያ ሲያቀርብ የመረጠው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊውን ስፒትፋየርን ነበር። ሞዴሉ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11 ሜትር ከ23 ሴንቲ ሜትር የነበረው አውሮፕላን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወርዶ መዳፍ ላይ ያርፋል።

እንዲህ ያለ ሞዴል በተናጠል ክፍሎች ሆኖ ይመጣል፤ ክፍሎቹ ከያያዛቸው የፕላስቲክ ዘንግ ተቆርጠው፣ የቀረው ጉጥ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ማጣበቂያው ተራ ሙጫ አይደለም፤ የፕላስቲኩን ገጽ አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ጠብ ያለበትን ቦታም እንዲሁ ያሟሟል፣ እጅ ይጠንቀቅ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የአብራሪው ክፍል ነው። የአውሮፕላኑ አካል ሁለት ግማሽ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ወንበሩና መቆጣጠሪያው ግማሾቹ ከመገጠማቸው በፊት መቀባት አለባቸው። ከተዘጋ በኋላ የሚታየው እጅግ ጥቂት ነው። የሠለጠኑት ግን የመቀመጫ ቀበቶውን ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ ይስሉታል። ከንቱ ድካም የሚለው አይጠፋም፤ እኔ ግን የሥራው ክብር ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ቀለሙም ብልሃት ይጠይቃል። ከሩቅ የምናየው ነገር በመካከል ባለው አየር ስለሚፈዝ፣ የእውነተኛው ቀለም እንዳለ ትንሹ ላይ ሲቀባ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ብዙዎች ጥቂት ነጭ ይጨምሩበታል። በመጨረሻም እንደ ውሃ የቀጠነ ጥቁር ቀለም በመጋጠሚያ መስመሮቹ ላይ ጠብ ይደረጋል። ፈሳሹ በቦዩ ውስጥ ራሱ እየተሳበ ይሮጣል፤ ልሙጥ ይመስል የነበረው ክንፍ በአንዴ ከብረት ሉሆች የተገጣጠመ ይሆናል።